የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ወደ ቴሌቪዥን የደረሰበት ታሪክ

በጂኦግራፊ ትምህርት ጊዜ ከአትላስ ላይ ትንሽ ካርታ ወስደን በትልቅ ወረቀት እንድንሥል ስንታዘዝ፥ በመጀመሪያ የምናደርገው ነገር ትንሹን ካርታ በእርሳስ በካሬ መከፋፈል ነው። እያንዳንዱን ካሬ አምስት እጥፍ ብናሳድገው የወንዙም የተራራውም መልክ ሳይዛባ ይገኛል። አንዱን አምስት እጥፍ፥ ሌላውን ስድስት እጥፍ ብናደርገው ግን ዐባይ ያለ ቦታው ይጠመዘዛል። በእጅ ተይዞ የሚሠራውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማሳየት ብዙ ተደክሟል፤ ከድካሙም አብዛኛው ከዚሁ ቀላል ሕግ ጋራ የተደረገ ትግል ነው። ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይን ለገበያ ያወጣው በ1989 በሚያዝያ ወር ነው። ከሥራው መሪዎች አንዱ የነበሩት ጉንፔ ዮኮይ ከሥዕሉ ውበት ይልቅ የዋጋውን ርካሽነትና የባትሪውን ዕድሜ ያስቀደሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የመሣሪያው መስኮት ወደ ጐን 160፥ ወደ ታች 144 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ ቀለሙም ከአራት ዐይነት ጥላ አያልፍም ነበር። በአራት የባትሪ ድንጋይም ብዙ ሰዓት ይሠራ ነበር። ነገር ግን ጨዋታውን በደንብ የሚያየው መሣሪያውን የያዘው ልጅ ብቻ ነው፤ ወንድሙና እኅቱ ለማየት ቢፈልጉ በትከሻው ላይ መንጠራራት ነበረባቸው። መሣሪያው ሥዕሉን በቀጥታ ወደ ራሱ መስኮት ስለሚልክ ለቴሌቪዥን የሚሆን መውጫ አልተሠራለትም ነበር።

ኩባንያው ይህን ችግር ለማቃለል በ1994 ሱፐር ጌም ቦይ የተባለ መሸጋገሪያ አወጣ። የጌም ቦዩ ካሴት በመሸጋገሪያው ላይ ይሰካል፤ መሸጋገሪያውም ከቴሌቪዥን ጋራ በሚሠራው በሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ይሰካል። የጌም ቦይ አንጎል የሆነው ክፍል በውስጡ ስላለ፥ ሥዕሉ በጌጠኛ ክፈፍ ተከቦ በቴሌቪዥኑ መካከል ይታያል። ሆኖም የጊዜ ምቱን ከትልቁ መሣሪያ ስለሚበደር ጨዋታው ከመቶ ሁለት ያህል ይፈጥን ነበር፤ ሁለት ጌም ቦዮችን የሚያገናኘው ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳም አልነበረውም። ሁለቱ ጉድለቶች የታረሙት በ1998 በጃፓን በወጣው በሁለተኛው ዐይነት ነው።

ተፎካካሪው ሴጋ በ1995 በአሜሪካ ኖማድን ሲያወጣ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ኖማድ ከመጀመሪያው ለቴሌቪዥን የተሠራው የቤት መሣሪያ አንሶ በእጅ እንዲያዝ የተደረገ ስለ ነበር፥ ከቴሌቪዥን ጋራ መገናኘት አላስቸገረውም። ነገር ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርስ ነበር። እንግዲህ አንዱ ቈጣቢ ሆኖ ለብቻ ይታያል፤ ሌላው ለሁሉ ይታያል፥ ግን አባካኝ ነው።

ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ1994 የጀመረውን የፕሌይስቴሽን ሥራ በማስፋት፥ በ2004 መጨረሻ ፒ.ኤስ.ፒ.ን በጃፓን አወጣ። የዚህ መስኮት 480 በ272 ነጥብ ነው። በ2007 የወጣው ሁለተኛው ዐይነት ለቴሌቪዥን መውጫ ተጨመረለት፤ ባለቤቶቹም ደስ አላቸው። ግን ሽቦውን ሰክተው ሲመለከቱ ጨዋታው የሚታየው በመካከል ብቻ ሆነ፤ ዙሪያው ጥቁር ነው። መሣሪያው የሚልከው ሥዕል 720 በ480 ሲሆን፥ ጨዋታው ሳያድግ በመካከሉ ስለሚቀመጥ ከስፋቱ ከመቶ 38 ያህሉን ብቻ ይይዛል።

ሥዕል የሚያሳድጉ መሣሪያዎች፥ በተለምዶ አፕስኬለር የሚባሉት፥ ለዚህ ጊዜ ጠቀሙ። ከጨዋታው መሣሪያና ከቴሌቪዥኑ መካከል ይቀመጣሉ። የጃፓኑ ማይኮምሶፍት የሠራው ፍሬምማይስተር፥ አሠራሩ ለማንም ሰው ክፍት የሆነው ኦ.ኤስ.ኤስ.ሲ.፥ በ2023 የወጣው ሬትሮቲንክ 4ኬ ከታወቁት ናቸው። ከእነዚህም ጥቁሩን ዙሪያ ቈርጠው መካከሉን የሚያሳድጉ አሉ። 1920 በ1080 ነጥብ ባለው ቴሌቪዥን ላይ 480ን በአራት ብናባዛ በትክክል 1920 ይሆናል፤ 272ን በአራት ብናባዛ 1088 ይሆናል። ስለዚህ ከላይ አራት፥ ከታች አራት መስመር ብቻ ቢቀር የፒ.ኤስ.ፒ. ሥዕል ሳይዛባ ቴሌቪዥኑን ይሞላል።

የጌም ቦይ ሥዕል ግን እንዲህ አይመችም። 1080 ለ144 ሲካፈል ሰባት ተኩል ነው። በግድ ቴሌቪዥኑን ይሙላ ከተባለ አንዱ ነጥብ ሰባት መስመር፥ ጐረቤቱ ስምንት መስመር ይይዛል፤ ወይም ጠርዙ ሁሉ ይደበዝዛል። በሰባት ቢባዛ ግን 1008 ይሆንና ከላይና ከታች 36፥ 36 መስመር ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ነጥብም ከጐረቤቱ ጋራ እኩል ሆኖ ይታያል። በጥቂቱ መጕደልን የመረጠ ሰው እውነተኛውን ሥዕል ያገኛል ማለት ነው። ደግሞም ሥዕሉን ለማሰናዳት መሣሪያው ብዙ ቢዘገይ፥ ልጁ ቍልፉን ከተጫነ በኋላ ጀግናው ዘግይቶ ይዘላል፤ ስለዚህ ፍጥነትም እንደ ጥራት ይፈለጋል።

በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ይህን ድካም አሳጠረው። በእጅ ሲያዝ 1280 በ720 ነጥብ ያሳያል፤ በመቀመጫው ላይ ሲደረግ እስከ 1920 በ1080 ድረስ ወደ ቴሌቪዥን ይልካል። ምክንያቱም ለብቻም ለጋራም እንዲሆን ታስቦ ከመነሻው ተሠርቷል። ሆኖም የቀድሞዎቹ መሣሪያዎችና ጨዋታዎች ዛሬም የሚወዷቸው ሰዎች ስላሏቸው አፕስኬለሮቹ ሥራ አልፈቱም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ማሳደግ በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር እንደማይጨምር ነው። በ1989 የተሣሉት 160 በ144 ነጥቦች በትልቁ ቴሌቪዥን ላይም ያው 160 በ144 ናቸው። የሚጨምረው ተመልካቹ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን ያጎነበሰበት ጨዋታ ቤተ ሰብ ሁሉ ተቀምጦ የሚያየው ይሆናል። እኛም የሌላውን ሰው ሥራ ለብዙዎች ለማሳየት ስንነሣ፥ እንደ ካርታው ካሬ ልኩን ጠብቀን ብናሳድገው ለሠሪውም ለተመልካቹም ታማኞች እንሆናለን።