የራያ ቆቦ ሲቪሎች መፈናቀል

ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በሰሜን ወሎ ዞን በቆቦ ከተማ፣ በሮቢት፣ በጎብዬና በዙሪያቸው ባለው የራያ ቆላ የሚኖረው ሕዝብ በተለይ በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች ጦርነት ምክንያት በተደጋጋሚ ከቀዬው ተነቅሏል። ይህ መፈናቀል አንድ ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ የበረደ አይደለም። በ2013 ክረምት የሸሸ ሰው በታኅሣሥ 2014 ተመልሶ ቤቱን ሲጠግን ከርሞ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ እንደገና ጓዙን አነሣ። በ2016 ደግሞ ያው የቆቦ ነዋሪ ከአጎራባቿ አላማጣ የመጣ ተፈናቃይ ተቀባይ ሆነ።

ሮቢት ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሰሜን ሸዋ ካለችው ሸዋ ሮቢት ጋር መምታታት የለባትም። በራያ በኩል አገሩ ሜዳ ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደጋው ያጥሩታል። ከቆቦ ወደ ደቡብ የሚሸሽ ሰው ሮቢትንና ጎብዬን አልፎ፣ አላውሃን ተሻግሮ ወልድያ ይገባል። ችግሩ ሠራዊትም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ መሆኑ ነው። ስደተኛውና ታንኩ አንድ አስፋልት ይጋፋሉ።

ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ሲጀመር የራያ ገበሬ ሌላ መከራ ላይ ነበር፤ የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ በልቶበታል። የፌዴራሉ መንግሥት ሰኔ 21 ቀን 2013 የተናጠል ተኩስ አቁም አውጆ ከመቀሌ ከወጣ በኋላ የትግራይ ኃይሎች በሐምሌ አላማጣንና ኮረምን፣ ቀጥሎም ቆቦን ያዙ። ወቅቱ የሽልሸላና የአረም ነው። ጎተራው ባዶ፣ ማሳው ገና ለምለም ለሆነበት ገበሬ መሄዱም መቅረቱም ረኀብ ነበር። የሚችለው ወደ ወልድያና ደሴ ወጣ፤ አረጋውያን፣ አራሶችና ከብታቸውን መተው ያልሆነላቸው ቀሩ። ስለ መፈናቀል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ የቀሩት ናቸው። ስልክና መብራት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር የሸሸው ስለ ቀረው፣ የቀረውም ስለ ሸሸው ወሬ አልነበረውም።

የቀሩትን የጠበቃቸው በጳጉሜን 4 ቀን 2013 ታየ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ቀን የትግራይ ተዋጊዎች በቆቦ ከተማ በ4 የተለያዩ ክስተቶች 23 ሰዎችን ያለ ፍርድ መግደላቸውን መዝግቧል። ዘገባው እንደሚለው ግድያው ገበሬዎች በሚገፋው የትግራይ ኃይል ላይ ለከፈቱት ጥቃት የተሰጠ ብቀላ ይመስላል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በየካቲት 2014 ስለ ቆቦ ግድያና ዝርፊያ የራሱን ምርመራ አውጥቷል።

ቀደም ሲል ወልድያ በነሐሴ 2013 ስትያዝ ተፈናቃዩ ወደ ደሴ ገፋ። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ሲያዙ ደግሞ ከነተቀባዩ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን አመራ። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2021 ብቻ 5.1 ሚሊዮን በግጭት የተነሣ አዲስ መፈናቀል ሲመዘገብባት፣ እስከዚያ ጊዜ በየትኛውም አገር በአንድ ዓመት ያልታየ ቁጥር ነበር። በዚህ አቆጣጠር ሦስት ጊዜ የሸሸ አንድ ሰው ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ለራያ ሰው ግን ይህ ስሕተት ሳይሆን የደረሰበት ልክ ነው።

ቆቦ በታኅሣሥ 2014 ስትለቀቅ ሕዝቡ ተመለሰ። ከደቡብ ትግራይ ሸሽተው ቆቦ ከተጠለሉት ብዙዎቹ በሐብሩ ወረዳ ጃራ ወደ ተዘጋጀ መጠለያ ተዛወሩ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ፈነዳ። ከ3 ቀን በኋላ መንግሥት በከተማ ውስጥ እልቂት እንዳይደርስ ሲል ሠራዊቱ ቆቦን መልቀቁን አስታወቀ፤ የቆቦና የሮቢት መንገድ ዳግም በእግረኛ ተሞላ።

መፈናቀል «በግዳጅ» የሚባለው መቼ ነው? አንዳንዴ በግልጽ ትእዛዝ ይመጣል፤ ለምሳሌ በጋዛ የእስራኤል ጦር በጥቅምት 2016 መጀመሪያ ከሰሜኑ ክፍል 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዲወጣ አዝዟል፤ ትእዛዙ በወረቀት ጭምር ከሰማይ ተበትኗል። በራያ እንዲህ ያለ ወረቀት አልወረደም። የመድፍ ድምፅና ከላይኛው መንደር የመጣ ወሬ በቂ ነበር። ኢትዮጵያ በየካቲት 2012 በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው፣ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት የትጥቅ ግጭትን ለመሸሽ የተገደደውንም ተፈናቃይ ይለዋል፤ ትእዛዝ መሰጠቱን አይጠይቅም። ስለዚህ «ራሳቸው ፈርተው ወጡ» የሚለው መከራከሪያ በሕግ ፊት አይቆምም።

መከራው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ከራያ አላማጣና ከኦፍላ ወደ ማይጨውና መቀሌ የሸሹ ትግርኛ ተናጋሪዎች አሉ። የራያ ሰው በገበያም በጋብቻም የተሳሰረ ሆኖ ሳለ፣ ተፈናቃዩ ግን በሁለት ክልል መዝገብ ተከፍሎ ይቆጠራል።

ጦርነቱን ለማቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። ይሁንና በሚያዝያ 2016 ከእነዚሁ አካባቢዎች መካከል በሆኑት በአላማጣ ከተማና በራያ አላማጣ በተነሣ ግጭት ከ50,000 በላይ ሰው ሲፈናቀል፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ እንዳስታወቀው 42,000 ያህሉ የገባው ቆቦ ነው።