ማሽኑ መጣ፤ ጥናቱስ?

በመገናኛ ወይም በቦሌ መንገድ የሚመላለስ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። መኪና ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ በድምፅ ማጉያ የታማሚዋ ስምና የበሽታዋ ዓይነት ይነገራል፤ ወጣቶች ካርቶን ይዘው በየመኪናው መስኮት ይዞራሉ። «ውጭ ሄዳ እንድትታከም!» ገንዘቡ ከሞላና የሕክምና ቦርድ ወረቀት ከተገኘ ቀሪው መንገድ አጭር ነው፤ ቦሌ ኤርፖርት፣ ከዚያ ዴልሂ፣ ሙምባይ ወይም ባንኮክ። ከተጓዦቹ መካከል የጨረር ሕክምና ፈላጊ የካንሰር ሕሙማን አሉበት።

ለምን እስያ? «ርካሽ ስለሆነ» የሚለው መልስ ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 ነው። የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የገባው ግን 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በዚያው ኤጀንሲ ድጋፍ ነበር። የመጣው የኮባልት ማሽን ነው። ዶ/ር ቦጋለ ሰለሞንን ጨምሮ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት አገር ሙሉ ሕመምተኛ ተሸክመዋል። የጎንደር ገበሬም የገርጂ ነጋዴም የሚሰለፉት አንድ በር ላይ ነበር።

ኮባልት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ምንጩ በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ካልተተካ፣ መጀመሪያ 2 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሕክምና 4 ደቂቃ ይፈጃል። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ሠራተኛው ሳይሰንፍ፣ ወረፋው ብቻውን ይረዝማል። ሕዝቡ «ቢሮክራሲ ነው» ብሎ የሚያማርረው ነገር በከፊል ፊዚክስ ነበር ማለት ነው።

ይህን ወረፋ በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። ጥቁር አንበሳ ከጀርመኑ ማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ሃለ ጋር በመተባበር፣ ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የታከሙ 1,059 የማህፀን ጫፍ ካንሰር ሕሙማንን መረጃ መረመረ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም የሚያም ነገር ወጣ፦ ሴቶቹ ጨረር ለማግኘት ወራት ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ካንሰሩ ወደ ባሰ ደረጃ ይሸጋገራል። መዳን ይችሉ የነበሩ ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ዕድላቸውን ያጣሉ። ሐኪሞቹ ይህን በዓይናቸው ያዩት ነበር። ለበጀት የሚቀርብ ማስረጃ የሆነው ግን ከተጠና በኋላ ነው።

በነዚያው ዓመታት ሙምባይ ምን ይሠራ ነበር? ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል በዚሁ በሽታ፣ ደረጃ 3ለ ላይ የደረሱ 850 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ለቀሪዎቹ ጨረር ከሲስፕላቲን ጋር ሰጠ። ሲስፕላቲን ውድ መድኃኒት አይደለም። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ጨረር ብቻ ከወሰዱት 46 በመቶ፣ ሁለቱን ከወሰዱት 54 በመቶ ሆኑ። በ2018 የታተመው ይህ ውጤት ከድሃ አገር ለድሃ አገር የተሰጠ መልስ ነው። አዲስ አበባ የምትጠብቅበትን ጊዜ ስትለካ፣ ሙምባይ የምታክምበትን መንገድ ትለካ ነበር።

ሌሎቹ የእስያ አገሮች መንገዳቸው ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጃፓን አስተባባሪነት ታይላንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቬትናም፣ ኮሪያና ሌሎችም የማህፀን ጫፍ ካንሰርን በአንድ ዓይነት የሕክምና መመሪያ አክመው ውጤቱን አንድ ላይ ይደምራሉ። ሐኪሞቻቸው በየዓመቱ ተራ በተራ በየአገሩ ይሰበሰባሉ፤ ማሽኖቹ የሚሰጡት መጠን ትክክል መሆኑ ይለካል፤ ታካሚዎቹ ለዓመታት ይከታተላሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባን አይቆረጥበትም። (ገርጂ ላይ «ኮሪያ ሆስፒታል» ለሚታከም የቦሌ ሰው የኮሪያ ሕክምና ጎረቤት ነው፤ ከጀርባው ያለው ይህ ዓይነቱ ሥራ ግን ከመንገድ አይታይም።)

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ተጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኦንኮሎጂስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ይዟል። መንግሥት ከኮባልት የዘመኑ ሊኒየር አክስለሬተሮችን ገዝቶ፣ ሕክምናው ከጥቁር አንበሳ አልፎ ጅማና ሐረር ደርሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል ነውር ነው። ግን ዜናው ሁሌ ስለ ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ስላተረፈው ሰው ብዛት አይደለም።

ኤጀንሲው «የተስፋ ጨረሮች» የተባለውን ዘመቻ በየካቲት 2022 ይፋ ያደረገው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ነበር። ለቀጣናው ሥልጠናና ምርምር እንዲመሩ ከአፍሪካ ቀድመው ከተሰየሙት ማዕከላት መካከል የአልጄሪያና የሞሮኮ ይገኛሉ። ንግግሩ ከእኛ ከተማ ተነሣ፤ ወንበሩን ሌሎች ያዙት።

ዛሬ ጅማ ጨረር የምትወስድ ሴትና ሐረር የምትወስድ ሴት በአንድ ዓይነት ቅጽ ካልተመዘገቡ፣ ከ5 ዓመት በኋላም ደውሎ «እንዴት ነሽ?» የሚል ሰው ካልተመደበላቸው፣ የትኛው መጠን የትኛዋን እንዳዳነ የሚናገር ቁጥር አይኖርም። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ቅጽ፣ አንድ ስልክና ደመወዝ የሚከፈለው መዝጋቢ ነው።