የአገሮች ዲጂታል መታወቂያ ሥርዓቶች፤ ልዩነታቸውና ተናባቢነታቸው

አንድ ሰው በአገሩ ማንነቱን ያረጋገጠበት መታወቂያ ድንበር ሲሻገር ዋጋ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም እንደ አዲስ ይጠይቁታል፤ እንደ አዲስም ይመዘግቡታል። ይህን ድግግሞሽ ለማስቀረት የሚያስችለው የተለያዩ አገሮች የመታወቂያ ሥርዓቶች እርስ በርስ የሚግባቡበት አሠራር ሲሆን፣ ይኸውም ተናባቢነት ይባላል።

ተናባቢነት ሲባል አገሮች አንድ ዓይነት ካርድ ወይም አንድ የጋራ የመረጃ ቋት ይኑራቸው ማለት አይደለም። አንዱ አገር ያረጋገጠውን ማንነት ሌላው በራሱ ሕግ መሠረት አምኖ የሚቀበልበት ስምምነትና የቴክኒክ አሠራር ማለት ነው። በመሆኑም ከስምምነት በፊት ሥርዓቶቹ እንዴት እንደተዋቀሩ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በካርድ ላይ የተመሠረተው የኢስቶኒያ ሥርዓት

ኢስቶኒያ የኤሌክትሮኒክስ መታወቂያ ካርድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ካርዱ የያዘው ቺፕ ማንነትን ለማረጋገጥና በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ለመፈረም የሚያገለግሉ ምስጢራዊ ቁልፎች አሉት። ባለካርዱ የምስጢር ቁጥሩን በማስገባት ግብሩን ያሳውቃል፣ ውል ይፈርማል፤ ከ2005 ወዲህም በኢንተርኔት ድምፅ መስጠት ይችላል። መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚለዋወጡት ኤክስ-ሮድ በተሰኘው የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ በራሱ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በካርዶቹ ቺፕ ላይ የደኅንነት ጉድለት መኖሩ ታወቀ። ጉድለቱ ከ700 ሺህ በላይ ካርዶችን የሚመለከት ስለነበር፣ መንግሥት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ያልታደሱ ካርዶችን የኤሌክትሮኒክስ አገልግሎት አገደ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የሌላ አገር መታወቂያ የሚቀበል መንግሥት፣ ሰጪው አገር ችግር ሲያጋጥመው ወዲያውኑ የሚያሳውቅበት አሠራር በስምምነቱ ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ እንዳለበት ነው።

በማዕከላዊ ቋት ላይ የተመሠረተው የሕንድ ሥርዓት

የሕንዱ አድሃር የተመሠረተው በካርድ ላይ ሳይሆን በቁጥር ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 በማሃራሽትራ ግዛት የተሰጠ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ምዝገባው የአሥር ጣቶች አሻራን፣ የሁለቱን ዓይኖች የአይሪስ ምስልና የፊት ፎቶግራፍን ያካትታል። አገልግሎት ሰጪው 12 አሃዝ ያለውን ቁጥርና የተገልጋዩን አሻራ ወደ ማዕከሉ ይልካል፤ ማዕከሉም መረጃው ይዛመዳል ወይም አይዛመድም ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ የሚሰጠው ለነዋሪዎች በመሆኑ የዜግነት ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም።

ይህ አሠራር በርካታ ሕዝብን በአጭር ጊዜ ለመድረስ ቢያስችልም፣ በጉልበት ሥራ ወይም በዕድሜ ምክንያት አሻራቸው የደበዘዘ ሰዎች የድጎማ እህል ሳያገኙ የተመለሱበት ሁኔታ ታይቷል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በሰጠው ውሳኔ ሥርዓቱ ለመንግሥት ድጎማ ሥራ ላይ መዋሉን ሲያጸድቅ፣ የግል ኩባንያዎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅደውን የሕጉን ድንጋጌ ሽሯል።

የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች የየራሳቸውን መታወቂያ እንደያዙ በአንድ ሕግ ተሳስረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ የማንነት ማረጋገጫዎችን በአስተማማኝነታቸው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በማለት በሦስት ደረጃዎች ይከፍላል። አንድ አገር ሥርዓቱን ለኅብረቱ ሲያሳውቅ ሌሎች አባል አገሮች ይመረምሩታል። ከመስከረም 2018 ወዲህም በዚህ መንገድ የቀረቡ፣ መካከለኛና ከዚያ በላይ ደረጃ ያላቸው መታወቂያዎች በሌሎች አባል አገሮች የሕዝብ አገልግሎቶች ተቀባይነት እንዲያገኙ ተደንግጓል።

ድንበር የሚሻገረው አስገዳጅ የግለሰብ መረጃ የቤተሰብ ስም፣ የመጠሪያ ስም፣ የትውልድ ቀንና ልዩ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው ደንብ ደግሞ አባል አገሮች እስከ 2026 መጨረሻ በስልክ የሚያዝ ዲጂታል የመታወቂያ ቦርሳ ለዜጎቻቸውና ለነዋሪዎቻቸው እንዲያቀርቡ ይጠይቃል።

የምሥራቅ አፍሪካ ልምድ

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዜጎቻቸው በብሔራዊ መታወቂያ ብቻ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እንዲጓዙ ፈቅደዋል። የኡጋንዳ መለያ ቁጥር 14 ፊደላትና አሃዞች፣ የሩዋንዳው ደግሞ 16 አሃዞች አሉት። የቁጥሮቹ አወቃቀር መለያየት ስምምነቱን አላደናቀፈውም። ሆኖም ካርድን በድንበር ኬላ ተመልክቶ ማሳለፍና የካርዱን ባለቤት በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ከሩቅ ማረጋገጥ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

የሕግ ዝግጅት ከቴክኒኩ እንዲቀድም የሚያስገድድ ምሳሌም በዚሁ ቀጣና ይገኛል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የሁዱማ ካርድ ሥርጭት ሕገወጥ ነው ሲል የወሰነው፣ በግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ የሚጠየቀው የተፅዕኖ ግምገማ አስቀድሞ ባለመካሄዱ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

ኢትዮጵያ ፋይዳን ሥራ ላይ ያዋለችው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከትሎ ወጥቷል። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራን፣ የአይሪስ ምስልንና የፊት ፎቶግራፍን በመውሰድ ለነዋሪው 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በተባለው፣ በሕንድ ባንጋሎር በተዘጋጀውና ፊሊፒንስና ሞሮኮም በተጠቀሙበት ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የሶፍትዌር መመሳሰል ግንኙነቱን ቢያቀልም የሕግ ዕውቅናን ግን አይተካም።

ለኢትዮጵያ በተለይ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ የቤተሰብ ስም በሚጠይቅ የውጭ ቅጽ ላይ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ሊሞላ ይችላል። አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም ሁለትና ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የትውልድ ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1997 ነው። ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በመሆኑ፣ ዓመቱን ብቻ በግምት የለወጠ መዝጋቢ አንዱን ሰው በሁለት መዝገቦች ሁለት ሰው ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ስህተት በውጭ አገር ለሚኖር ዜጋ ገንዘብ ለመላክ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማደስ ወይም ውርስ ለማረጋገጥ እንቅፋት ይሆናል።

በንጽጽር ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

የሌላ አገር ሥርዓትን የሚመረምር ባለሙያ፣ መታወቂያው ለዜጋ ወይስ ለነዋሪ እንደሚሰጥ፣ በምዝገባ ወቅት ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅና የአስተማማኝነት ደረጃው ምን ያህል እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ከዚህም ጋር ድንበር የሚሻገረው መረጃ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስምና ቀን በምን ሥርዓት እንደሚጻፉ፣ ለስህተትና ለአደጋ ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ አሻራው ያልተነበበለት ሰውም በምን አማራጭ እንደሚስተናገድ ማጣራት ያሻል።

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከፊርማ በፊት በጽሑፍ ከተቀመጠ፣ ስምምነቱ ከሰነድነት አልፎ በአገልግሎት መስኮት ለሚቆመው ባለጉዳይ ይደርሳል።