ሊነጋጋ ሲል የሚሰማ ድምፅ

ሰሞኑን ቢጠና ነበርን። አያታችን ታመው ተራ እየገባን ስናስታምም፣ አንዱን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ሊነጋ ተቃረበ። ውሾቹ እንኳ ጮኸው ጮኸው ሲደክማቸው ከሩቅ አዛን ተሰማ። እውነቱን ለመናገር ተበሳጨን። አያታችን ገና ሸለብ ያደረጋቸው መስሎን "አሁን ይነቁብናል" አልን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ "እሰይ፣ ነጋ" አሉ። ለካስ እሳቸውም አልተኙም፤ ሌሊቱን የሚቆጥሩት በዚያ ድምፅ ነው። አያታችን ደግሞ የቃለ ሕይወት አማኝ ናቸው።

እናማ ይሄን ጥሪ መጀመሪያ ያሰማው ማን ነበር? ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቢላል ኢብን ረባህ ነው። እናቱ ሐበሻ፣ ራሱ መካ ውስጥ ባሪያ ነበር። እስልምናን ሲቀበል ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ድንጋይ አስጫነበት። በኋላ አቡበክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። መዲና ላይ ሙስሊሞች ለሶላት በምን እንጠራራ ብለው ሲመክሩ መለከትና ደወል ታስቦ ነበር ይባላል። በመጨረሻ የሰው ድምፅ ተመረጠ፤ ድምፁ ያማረ ነውና ሥራው ለቢላል ተሰጠ። በ630 (እ.ኤ.አ.) መካ ስትያዝ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያለው ያው የትናንቱ ባሪያ ነው።

መቼስ ይሄን ስንሰማ "የኛ ሰው!" ለማለት እንቸኩላለን። ቆይ ግን፣ "እኛ" ማን ነን? የዚያ ዘመን ሐበሻ የአክሱም እንጂ የወላይታ ስም አይደለም። የወላይታ ታሪክ ሌላ ነው። በ1894 (እ.ኤ.አ.) የምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ድል ሲያደርግ፣ ብዙ ሰው ተማርኮ በባርነት ተነድቷል። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎ አስቀርቶልናል። ባርነትን የሚሽረው የመጨረሻው አዋጅ የወጣው በ1942 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያኔ አያታችን ገና ሕፃን ነበሩ። እንግዲህ እኛን ከቢላል ጋር የሚያዛምደን ሐበሻነት ሳይሆን፣ ሰው ሆኖ እንደ ሰው አለመቆጠር ነው።

አለመቆጠር ደግሞ መልኩ ብዙ ነው። በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ ወገናችን "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" ይባል ነበር፤ ልክ እንደ ቤት ተከራይ! ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ጥያቄው "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንባል፣ በዓላችን ይከበር፣ እኩል እንታይ የሚል ነበር። በሰልፉ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ንጉሡ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ በደርግ ጊዜ ነው።

ዛሬ በየከተማው በድምፅ ማጉያ ስንነታረክ እንሰማለን። አንዱ አዛኑ አስቸገረኝ ይላል፣ ሌላው ቅዳሴው፣ ሌላው የአዳር ጸሎቱ። ድምፁ ይቀነስ ማለት ነውር የለበትም፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ያውቀዋል። እኛም ያን ሌሊት አጉረምርመናል። ነገር ግን "ድምፃችሁን ቀንሱልን" እና "እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጎረቤት ንግግር ነው። ሁለተኛው ጎረቤትን እንግዳ ያደርጋል፤ ወላይታም ቢላልም ያንን ቀምሰውታል።

የንጋቱ አዛን ከሌሎቹ የሚለየው ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል የሚል ሐረግ ስላለው ነው። ያን ሌሊት እንቅልፉም ሶላቱም አልነበረንም። አያታችን ግን ድምፁ ሲያበቃ በወላይትኛ ጸለዩ፤ ከዚያ ውኃ ጠየቁን። ከሦስት ቀን በኋላ ውኃ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር።