1202፦ ኮምፒውተሩ «በዛብኝ» ያለ ዕለት

የኢንተርኔት ቤት ልጆች ነን። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ምን እንደሚደረግ ሳናውቅ አላደግንም፤ መጀመሪያ ማውሱን ደጋግሞ መነካካት፣ ቀጥሎ ሞኒተሩን በጥፊ ማለት፣ እምቢ ካለ ደግሞ አጥፍቶ ማብራት። አራተኛው መንገድ፣ ማለትም «ለመሆኑ ምን ሥራ ይዞህ ነው?» ብሎ ማሽኑን መጠየቅ፣ ለብዙዎቻችን ትዝ ብሎን አያውቅም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህች ጥያቄ ነው። የ«አይቲ» ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ አንድ ምሽት የሁለት ሰዎች ሕይወት ተንጠልጥሎባት ነበር።

ቀኑ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969)። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10 ገደማ ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን «ኢግል» በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጨረቃ እየወረዱ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ኮምፒውተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት አበራ። ምን ሆንክ ሲባል 1202 የሚል ቁጥር አሳየ። የቁጥሩን ትርጉም ሁለቱም አያውቁትም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ እናቁመውና ወደ ኋላ እንመለስ።

አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ታዲያ በመሐል ሌላ አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ? አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለውን ካፌ አስቡ። ሒሳብ እየደመረ ሳለ ከጥግ በኩል ይጨበጨብለታል። የደረሰበትን ድምር ወረቀት ላይ ጫር ያደርግና ይሄዳል፣ ትእዛዙን ይቀበላል፣ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። በኮምፒውተር ዓለም ያቺ ጭብጨባ ኢንተረፕት ትባላለች። ኪቦርድ ስትነኩ፣ ማውስ ስታንቀሳቅሱ፣ ከኔትወርክ መረጃ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ይጨበጨብለታል።

ሐሳቡ ግን ሲመጣ እልል ተብሎ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ አምስተርዳም ውስጥ «ኤክስ 1» የተባለው ኮምፒውተር ሲነደፍ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ኢንተረፕት እንጨምር ሲሉት ኤድስኸር ዳይክስትራ ደነገጠ። ምክንያት ነበረው። እስከዚያ ድረስ አንድን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ብታስኬዱት ሁለቴም ያው ነው። ጭብጨባው መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ግን ስሕተቱ ዛሬ ታይቶ ነገ ሊሰወር ነው። ውሳኔውን ለሦስት ወር ያህል ካጓተተ በኋላ ተረታ፤ በ1959 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚያው ማሽን ላይ ሆነ።

አሁን ወደ ጨረቃዋ እንመለስ።

የአፖሎ ኮምፒውተር በኤም አይ ቲ የተነደፈ ሲሆን፣ የሚጻፍበት የሚሰረዝበት ማስታወሻው 2,048 ቃላት ብቻ ነበር። ማዘዣው ደግሞ ለሰዋስው መምህራን የሚመች ነው፤ ግስና ስም በቁጥር ይመታለታል። ግስ 16 «ያለማቋረጥ አሳየኝ» ማለት ነው፤ ምኑን እንደሆነ የሚነግረው የስሙ ቁጥር ነው። ኮማንድ ላይን ማለት ይኸው አይደል?

ያን ምሽት መንኮራኩሯ ወደፊት ከእናት መንኮራኩሯ ጋር ስትገናኝ የሚያስፈልጋት አንድ ራዳር ነበር። ለማረፊያው ምንም ሥራ የለውም። ነገር ግን የራዳሩና የኮምፒውተሩ ክፍሎች የኤሌክትሪክ ምንጭ ድግግሞሹ አንድ ሆኖ እርምጃው አልተጣጣመም። በዚህ የተነሣ ራዳሩ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ በሰከንድ እስከ 12,800 የሚደርስ የሐሰት ቁጠራ ይልክ ጀመር። እያንዳንዷ ቁጠራ ከፕሮሰሰሩ 11.7 ማይክሮ ሰከንድ ትነጥቃለች። አባዙት፤ ከጠቅላላ ጊዜው 15 በመቶ ያህል ነው። ማንም ሳይታዘዝ የሚያጨበጭብ ደንበኛ በሉት።

ማረፊያውን የሚመራው ስሌት በየ2 ሰከንዱ ተጀምሮ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ይመጣል፤ ሥራ ማስቀመጫው ቦታ ሞላ። 1202 ማለት ይኸው ነው፦ «ሥራ በዛብኝ፣ ማስቀመጫም የለኝ»። የሚገርመው፣ ኦልድሪን ከፍታውን ለመከታተል በግስ 16 ባዘዘ ጊዜ ሸክሙ በጥቂቱ ጨመረ። መከታተልም ራሱ ጊዜ ይበላል!

እንግዲህ ምድር ላይ፣ ሂዩስተን ውስጥ፣ ውሳኔው የወደቀው በእኛ ዕድሜ በነበሩ ልጆች ላይ ነው። ስቲቭ ቤልስ 26 ዓመቱ፣ ጃክ ጋርማን 24 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጁላይ 5 ቀን፣ በልምምድ ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ቤልስ «ማረፊያው ይሰረዝ» ብሎ ነበር። ስሕተት ነበር፤ መሰረዝ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ጋርማን ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ጽፎ ትርጉማቸውን ያዘ። ስለዚህ እውነተኛው 1202 ሲመጣ በግማሽ ደቂቃ ገደማ «ቀጥሉ» የሚለው መልስ ወደ ጨረቃ ተላከ።

መቀጠል የተቻለው ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ ዝም ብሎ ስላልተገተረ ነው። ሃል ላኒንግ የነደፈው አሠራር ለየሥራው ደረጃ ይሰጣል። በተጨናነቀ ቁጥር ራሱን እንደገና ያስጀምርና ዋናውን፣ ማለትም ሞተሩንና አቅጣጫውን ይዞ፣ ትርፉን ይጥላል። አራት ጊዜ 1202፣ አንድ ጊዜ 1201 ጮኸ። 5 ሰዓት ከ17 ላይ ኢግል ጨረቃ ላይ አረፈች።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ እዚያው ሂዩስተን በራይስ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ለፌቭር «ቶፕ» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው በደረጃ እየዘረዘረ ያሳያል። ዛሬም ሊኑክስ ባለው ማሽን ጥቁሩ መስኮት ላይ «ቶፕ» ብላችሁ ብትጽፉ ይመጣላችኋል። ከላይ ካሉት ቁጥሮች «ኤች አይ» እና «ኤስ አይ» የሚሉት በኢንተረፕት የተበላውን ጊዜ ይናገራሉ። ጭብጨባው ከየትኛው ዕቃ እንደመጣ ማወቅ ካማራችሁ ደግሞ «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ውስጥ «ኢንተረፕትስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ተቆጥሮ ተቀምጧል። ይህን ሁለተኛውን አትናቁ። ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ጥፋተኛ ጠፍቶ ማሽኑ ግን ሲያቃስት፣ እንደዚያ ራዳር ያለ ዕቃ ጥግ ይዞ እያጨበጨበ ሊሆን ይችላል።

ጋዜጠኝነት ተምረናልና አንድ ነገር ሳንል አንለያይም። ለዓመታት ይህ ታሪክ ሲወራ «ኦልድሪን የራዳሩን ማብሪያ ረስቶት ነው» ይባል ነበር። ሰውዬው ግን የሠራው በተጻፈለት መመሪያ መሠረት ነው። ጥፋቱ ያለው በሁለት ዕቃዎች መካከል በተረሳ አንድ የስምምነት ነጥብ ላይ ነው፤ ለየብቻቸው ሁለቱም ደኅና ነበሩ። እኛም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚቀናን ሰው መፈለግ ነው። ስም ለርዕስ ይመቻል፤ «የኤሌክትሪክ እርምጃ አለመጣጣም» ለርዕስ አይመችም።

ለማንኛውም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽናችሁ ሲንቀራፈፍ ከጥፊው በፊት ጠይቁት። ጋርማን ወረቀቱን ያዘጋጀው ደወሉ ከመጮሁ በፊት ነበር።

ቸር እንሰንብት።