«ካርታ አለኝ» ማለት «መገንባት እችላለሁ» ማለት ነው? ስለ ፕላን ስምምነትና ስለ ግንባታ ፈቃድ ማወቅ ያለባችሁ

ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ «ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» ሲሉ እንሰማለን። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ቦታ መያዝና በቦታው ላይ መገንባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን በአጭሩ እናስረዳ።

1. ቦታው ለምን ተመደበ?
ከተማ የሚመራው በፕላን ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ደረጃዎችን ያስቀምጣል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያሳያል፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የቱ ቦታ ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለቅይጥ አገልግሎት፣ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ደላላው «ዙሪያው ሁሉ ቤት ነው» ቢላችሁ፣ ፕላኑ ላይ መንገድ ሊያልፍበት ይችላል።

2. የፕላን ስምምነት
ዲዛይን ከማሰራታችሁ በፊት የሚጠየቅ ነው። በዚያ ቦታ ምን መስራት እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ጂ+1 ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ የጂ+4 ዲዛይን አሰርቶ ብር ከማቃጠል ያድናል። ልብ በሉ፦ በፕላን ስምምነት ብቻ ቁፋሮ መጀመር አይቻልም።

3. ሳይት ፕላንና ግንባታ ፈቃድ
ሳይት ፕላን ቤቱ ግቢው ውስጥ የት እንደሚያርፍ፣ ከጎረቤት ወሰንና ከመንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መግቢያውንም ጭምር ያሳያል። ከዲዛይኑ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። የ2001ዱ የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ህንጻዎችን በሶስት ይከፍል ነበር። ምድብ ሀ ቀለል ያሉት ነበሩ። ምድብ ሐ ደግሞ የህዝብ መገልገያና የተቋም ህንጻዎችን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ይይዝ ነበር። ምድብ ለ መሃል ላይ ነበር። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ባለሙያና ሰነድም ይጨምራል።

4. ቤቱን ወደ ሱቅ ብቀይረውስ?
ያለ ፈቃድ አይሆንም። መኖሪያ ቤትን ክሊኒክ ወይም መጋዘን ማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ መጠየቅ አለበት።

5. ጥያቄዬ ውድቅ ቢደረግስ?
ምክንያቱን በጽሁፍ ጠይቁ። አዋጅ 624 ቅሬታ የሚያይ የይግባኝ ሰሚ ቦርድም አቋቁሞ ነበር። ያለ ፈቃድ ጀምሮ «በኋላ አስተካክላለሁ» ማለት ግን ማፍረስን ሊያስከትል ይችላል።

የመንደር ውልስ?
በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ምስክር ቢቆጠርበትም፣ ሽማግሌ ቢፈርምበትም፣ በእርሻ መሬት ላይ የተጻፈ የመንደር ውል ካርታ አያስገኝም፣ ግንባታ ፈቃድም አያሰጥም። ሌሊት ተሰርቶ የሚያድረው ጨረቃ ቤት መጀመሪያ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት
👉 ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አጣሩ።
👉 ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ።
👉 ቤት ካለበት የግንባታ ፈቃዱን ዋናውን እዩ፤ በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም።
👉 የወሰን ድንጋዩንና የካርታውን ስፋት አመሳክሩ።

አዋጅና መመሪያ ስለሚሻሻል የወቅቱን መስፈርትና ክፍያ ከከተማችሁ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጠይቁ። ቦታ ሊገዛ እያሰበ ያለ ጓደኛ ካላችሁ፣ ቀብድ ሳይከፍል አድርሱት።