መጽሐፈ ሄኖክና የቁምራን ዋሻ ምስክርነት

የጥንቱ የአይሁድ እምነትና የጥንቱ ክርስትና በየትኛው ሐሳብ እንደሚገናኙ፣ በየትኛውም እንደሚለያዩ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖት ታሪክ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። መልሱ በብዛት የሚፈለገው ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት በተጻፉ መጻሕፍት ነው። ከነዚህም መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ልዩ ቦታ አለው። በይሁዳ መልእክት ውስጥ ቃሉ ተጠቅሷል፤ 108ቱ ምዕራፎቹ ግን ተሟልተው የሚገኙት በግእዝ ብቻ ነው።

ይህ ሁኔታ ለግእዙ መጽሐፍ ክብርን እንዳስገኘለት ሁሉ ጥርጣሬንም አስከትሎበታል። መጽሐፉ መጀመሪያ በሴማዊ ቋንቋ ተጽፎ፣ ወደ ግሪክ ተመልሶ፣ ከግሪክም ወደ ግእዝ የተተረጐመ ነው። ዛሬ ከሚታወቁት የግእዝ ብራናዎች ቀደምቶቹ የ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ናቸው። በዚህ ሁሉ ረጅም መንገድ ምን ተጨመረበት? ምንስ ተቀነሰበት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከማንም ይበልጥ የደከሙት የፖላንድ ተወላጁ ዮዜፍ ሚሊክ (1922–2006) ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሚሊክ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የሠሩት በግእዙ ላይ ነበር። ጄምስ ብሩስ የመጽሐፉን ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዘው በ1773 አውሮፓ ገቡ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተረጐሙት፤ ኦገስት ዲልማን በ1851 የግእዙን ንባብ አሳተሙ። አር. ኤች. ቻርልስ ደግሞ በ1906 ሃያ ሦስት ብራናዎችን አስተያይተው አዲስ እትም አወጡ። በግብፅ ውስጥ በአክሚም የተገኘው የግሪክ ቅጂ የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ብቻ የያዘ ስለነበር፣ ለቀረው ክፍል ከግእዙ ውጭ ያለው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነበር።

በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን አራተኛው ዋሻ ሲገኝ ነገሩ ተለወጠ። ከዋሻው የወጡት በሺሕ የሚቈጠሩ ቁርጥራጮች ነበሩ፤ አንዳንዱም ከጥቂት ፊደላት በላይ የያዘ አልነበረም። ሚሊክ ከነዚህ መካከል የሄኖክን ቁርጥራጮች በአራማይክ ቋንቋ ለይተው አወጡ። ሥራው እያንዳንዱን ቁራጭ በእጅ ጽሕፈቱና በቆዳው መልክ ከአቻው ጋር ማገናኘትን፣ ከዚያም በመጽሐፉ ውስጥ ቦታውን መፈለግን ይጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ሙሉው የግእዝ ንባብ ባይኖር ኖሮ ከቁርጥራጮቹ የብዙዎቹ ቦታ ሊታወቅ ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ዋሻው ለግእዙ ምስክር ከመሆኑ በፊት ግእዙ ለዋሻው መፍቻ ሆኗል።

ሚሊክ በ1976 ያሳተሙት መጽሐፍ አሥራ አንድ የአራማይክ ቅጂዎችን አቀረበ። ከነዚህ ውስጥ ቀደምቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። የትጉሃን መላእክት ታሪክ፣ የብርሃናት መጽሐፍ፣ የሕልም ራእይና የሄኖክ መልእክት ከክርስትና በፊት የነበሩ የአይሁድ ጽሑፎች መሆናቸው ከዚህ በኋላ ሊካድ አልተቻለም። ግእዙም በጠቅላላው ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ በብርሃናት መጽሐፍ ግን አራማይኩ ይረዝማል፣ ግእዙ አሳጥሮታል።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በተገኘው ሳይሆን ባልተገኘው ላይ ነው። ከ37ኛው እስከ 71ኛው ምዕራፍ ያለው የምሳሌያት ክፍል በቁምራን አንድም ቁራጭ አልተገኘለትም። በግእዙ «ወልደ እጓለ እመሕያው» የሚለው ስም ከፍ ብሎ የሚታየውም በዚሁ ክፍል ነው። ሚሊክ ከዚህ ተነሥተው ምሳሌያትን በ270 ገደማ አንድ ክርስቲያን በግሪክ የጻፈው ነው አሉ። ይህ አሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ ክፍሉ ወንጌላት ከመጻፋቸው በፊት አይሁድ ስለ መሲሕ ያስቡት ለነበረው ነገር ምስክር መሆኑ በቀረ ነበር።

ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን በአሳቡ አልተስማሙም። በ1977 በቱቢንገን፣ በ1978 በፓሪስ በተደረጉት ጉባኤያት ተሰብሳቢዎቹ ክፍሉ የአይሁድ ሥራ መሆኑን ተቀበሉ። ምክንያቶቹ ጠንካሮች ናቸው። ክርስቲያን የጻፈው ቢሆን ስለ ስቅለቱና ስለ ትንሣኤው ባላለፈው ነበር፤ በ71ኛው ምዕራፍም ያ ስም የሚሰጠው ለራሱ ለሄኖክ ነው። በ56ኛው ምዕራፍ የተጠቀሱት ጳርቴያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ዓመት ኢየሩሳሌምን የያዙ ናቸው። ከዚህም በላይ መጽሐፈ አስቴር በቁምራን አልተገኘም፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት ብቻ ክርስቲያን ጻፈው የሚል የለም።

በ1978 ማይክል ኒብ በኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ እገዛ የግእዙን ንባብ ከአራማይኩ ጋር አስተያይተው አዲስ እትም አወጡ። ሚሊክ የጐደለውን የአራማይክ ቃል ከግሪኩና ከግእዙ መልሰው የሞሉበት ስፍራ ብዙ ስለነበረ፣ በቆዳው ላይ የሚነበበውንና በአሳብ የተሞላውን ለይቶ ማየት የአንባቢ ግዴታ መሆኑ ታወቀ። ይህ የሚሊክን ክብር አይቀንስም። ስለ ምሳሌያት ያላቸውን አሳብ የተቃወሙት ሁሉ የተከራከሩት እርሳቸው አንብበው ባሳተሙት ማስረጃ ላይ ቆመው ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለጽሑፍ ቅርስ ባለሙያዎች ሁሉ ይጠቅማል። ከዋሻ የወጣ ቁራጭ ስለ ዘመን ይመሰክራል፤ የመጽሐፉን ሙሉ አካል ግን አይሰጥም። የምሳሌያት መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ላይ የሚነበበው የኢትዮጵያ ጸሐፍት ትውልድ በትውልድ እየተቀባበሉ ስለ ገለበጡት ብቻ ነው። ቻርልስ ካላዩአቸው ብራናዎች አንዱ፣ በጣና ሐይቅ በክብራን ገዳም የተጠበቀው የ15ኛው መቶ ዓመት ቅጂ፣ በኋላ ለሚሠሩ ጥናቶች ዐቢይ መሠረት ሆኗል። በየገዳሙ ያለ ብራና ሳይመዘገብና ፎቶግራፉ ሳይነሣ በእሳት ወይም በእርጥበት ቢጠፋ፣ የሚጠፋው ተጨማሪ ቅጂ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ምስክር የሌለው ንባብም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።